አራተኛው መስመር

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ጠመኔ፣ ወንበርና የተሰበረ ጥቁር ሰሌዳ እረከባለሁ። የሬኮርድ ክፍሉን ቁልፍ ሰኞ ጠዋት አስረከብሁ። እዚህ ንፋስ መውጫ በምሠራበት ትምህርት ቤት አዲስ ሥርዓት ገብቷል፤ መምህራኑ ውጤቱን በስልካቸው ያስገባሉ፣ ደረጃውን ሥርዓቱ ራሱ ያወጣል። እኔን የሚፈልግ ሥራ እዚያ አልቀረም። አልከፋኝም። ቁልፉን ስሰጥ ግን እጄ ትንሽ ዘገየ።

ጡረታ አይባልም፤ ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ቢሆንም አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ሥራ ሠርቻለሁ፤ የተማሪ ውጤት መመዝገብና ማን ስንተኛ እንደወጣ ማሳየት። ይህን ሥራ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ይትባረክ ነው። አሁን በሕይወት የለም። ስለ እሱ ስጽፍ ከሁለት መስመር በላይ አልሄድም፤ እነሣለሁ፣ ውጭ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ጽሑፉ የተቆራረጠ ቢመስል አንባቢ ይታገሠኝ።

የመጀመሪያ ምድቤ እስቴ ነበር። አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ፣ የጽሕፈት ሥራ ሰርተፍኬት ይዤ ገባሁ። እዚያ ኮምፒውተር አንዲት ብቻ ነበረች፣ ያችም ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎባት ትውል ነበር። ደረጃ የምናወጣው በእጅ ነው። የእያንዳንዱ ተማሪ ስምና ድምር በቁራጭ ወረቀት ይጻፋል፤ ቁራጮቹ ጠረጴዛ ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረደራሉ። መስኮት የከፈተ ሰው ወዮለት። አንድ ቀን የስፖርት መምህሩ በሩን በርግዶ ሲገባ ነፋሱ የአንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ ወለሉ ላይ በተነው። አለቃዬ መነጽራቸውን አውልቀው ወለሉን አዩና «ይኸው፣ ዛሬ ሁሉም እኩል ወጡ» አሉ።

ያ አሠራር ቀርፋፋ ነበር። አንድ ነገር ግን ነበረው። እኩል ያመጡ ሁለት ልጆች ቁራጮቻቸው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ዓይን ያያቸዋል። ይህን ያኔ እንደ ቁም ነገር አልቆጠርሁትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ ተዛወርሁ። እዚያ የሬኮርድ ክፍሉ ኃላፊ ይትባረክ ነበር። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ እያልሁ ነው ያደግሁት። በልጅነቱ ቤተ ልሔም ገዳም የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ተምሯል። አልጨረሰም፤ ዓይኑን አሞት ወጣና ዘመናዊ ትምህርት ገባ። ቤተ ልሔም ግን ከእሱ አልወጣም። እዚያ ተማሪ የገለበጠውን ከመምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ያነባል፤ መምህሩ በቃላቸው ይዘውት ያዳምጣሉ፤ አንዲት ምልክት ብትጎድል ጣታቸውን ያነሣሉ። ይትባረክ የኮምፒውተር ቀመር የሚሠራው እንደዚያ ነበር። መጀመሪያ በእርሳስ ወረቀት ላይ ይጽፈዋል። ከዚያ ከውስጠኛው ቅንፍ ጀምሮ ወደ ውጭ ጮክ ብሎ ያነበዋል።

«ይኼኛው ምን ይጠይቃል?» ይለኛል። «ማንን ይጠይቃል? መልሱን ለማን ይሰጣል?»

ካልመለስሁ ኪቦርዱን አያስነካኝም።

ሌላም ልማድ ነበረው። አንድን ሠንጠረዥ ከማመኑ በፊት የሌሉ ተማሪዎች ያስገባበታል። ስማቸው የዛፍ ስም ነው፤ ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ። ለወይራና ለጽድ ሁልጊዜ እኩል ውጤት ይሰጣል። ዋንዛን ፈተና እንዳልተፈተነ ባዶ ይተወዋል። ለኮሶ ዜሮ ይሰጠዋል።

«ምነው ጋሼ፣ ኮሶ ዘንድሮም ወደቀ?»

«እሱ መራራ ነው፣ ይችለዋል።»

ዛፎቹ በትክክል ተሰልፈው ሲያይ ይሰርዛቸውና የልጆቹን ስም ያስገባል። «በዛፍ ተሳሳት፤ በሰው አትሳሳት» ይል ነበር። እኔ ግን ይህን የሽማግሌ ጨዋታ አድርጌ ነበር የማየው። ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላውን ሰው ሽማግሌ እለው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ኩላሊቱ ጠናበትና ለሕክምና ደብረ ታቦር ሄደ። ክፍሉ ለእኔ ብቻ ቀረ። አልፈራሁም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኔ ውስጥ ደብዳቤ መጣ። አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ጎበዝ ተማሪዎችን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ሊቀበል ነው። ደብዳቤው ከአሥረኛ ክፍል ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ተማሪዎች፣ እኩል የወጡ ካሉም አብረው እንዲላኩ ይላል። ርዕሰ መምህሩ መምህር አስናቀ በሩ ላይ ቆመው «ሙሉቀን፣ እስከ ምሳ ሰዓት!» ብለውኝ ሄዱ።

በስድስት ክፍል የተከፈሉ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ልጆች ናቸው። ስማቸው በፊደል ተራ ተደርድሯል። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከስልክ ላይ አንድ ቀመር ተምሬ ነበር። አንዱ ትእዛዝ ትልቁን ውጤት፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን ያወጣል። ሌላው ትእዛዝ ያን ውጤት ይዞ ይወርድና የባለቤቱን ስም ያመጣል። ጻፍሁት፤ እኩል የወጣ እንዳለ ለማየት ወደ አራተኛ መስመር ጎተትሁት። ስሞቹ ብቅ ብቅ አሉ። ደሳለኝ። ጥሩወርቅ። ሀብታሙ። በአራተኛው መስመር ላይ እንደገና ሀብታሙ፣ ያው ዘጠና አንድ ነጥብ አራት።

ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን ሰው ሲቸኩል አንድን ስም ሁለቴ እንደሚጽፈው ሁሉ ኮምፒውተሩም የደገመ መሰለኝ። አራተኛውን መስመር ሰረዝሁት። ዛፎቹን አላስገባሁም። ሦስት ስም ታተመ፣ ማኅተም ተመታ፣ ከምሳ በፊት ሄደ። መምህር አስናቀ «ጎበዝ!» አሉኝ።

ሰኔ ሠላሳ ካርድ ሲሰጥ ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። አንዲት ቀጭን ልጅ ካርዷን ይዛ ለረጅም ጊዜ ስታነበው ቆየች። ከዚያ ወደ መስኮቴ መጣች።

«የአዳሪው ስም ይኸ ብቻ ነው?»

«ይኸ ብቻ ነው።»

«ከክፍሌ አንደኛ ነበር የወጣሁ። ከሌሎቹ ክፍሎች የሚበልጡኝ አሉ ማለት ነው» አለች። ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነበር የምታወራው። «አባቴ አዳሪው ከተቀበለሽ ሂጅ፣ ካልተቀበለሽ ግን አሥራ አንደኛ የለም ብሎኛል።»

«አይዞሽ፣ በርች» አልኋት። ምን ላይ እንደምትበረታ አልነገርኋትም። ስሟንም አልጠየቅሁም።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ወንድሜ ተመለሰ። ፊቱ ጠቁሯል፣ ኮቱ ሰፍቶታል። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ «እስቲ የሠራኸውን አሳየኝ» አለ። በኩራት ከፈትሁለት። ቀመሩን ከውስጥ ወደ ውጭ አነበበው፤ መሀል ላይ ተመልሶ እንደገና አነበበው። አንድ ባዶ ገጽ ላይ ገልብጦት ዛፎቹን አስገባ፤ ለወይራና ለጽድ እንደ ልማዱ እኩል ሰጠ።

ዝርዝሩ ላይ ወይራ ወጣ። ከሥሩም ወይራ ወጣ። ጽድ የለም።

ዛሬም ድረስ ያን ሳስበው ይሰቀጥጠኛል። ጽድ እዚያው ሠንጠረዡ ውስጥ አለ፣ ውጤቱም በአሥርዮሽ ሳይጎድል ከወይራ ጋር አንድ ነው። ግን የለም።

«ሰኔ ላይ እንዲህ የተደገመ ስም ነበር?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ነበር።»

«ምን አደረግኸው?»

«ሰረዝሁት።»

አልጮኸም። የአሥረኛ ክፍሉን ሠንጠረዥ ከፍቶ ዘጠና አንድ ነጥብ አራትን በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ላይ አካባቢ ሀብታሙ አለ። ጣቱ አላቆመም። ወረደ፣ ወረደ፣ ከእኩሌታው በታች ቆመ። ዘርፌ ጎሹ።

«ፈላጊው ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው» አለኝ። «መጀመሪያ ያገኘው ላይ ይቆማል። ሁለተኛ ብትልከውም እዚያው ሄዶ ይቆማል። ከታች ሌላ ሰው እንዳለ የሚያውቅበት የለውም። ሀ ከዘ ይቀድማል፤ የዚች ልጅ ጥፋቷ ይኸው ነው።»

ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች፤ መስኮቱ ላይ የመጣችው እሷ መሆን አለባት ብዬ ያኔ ነገርሁት። እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሣና ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

«ወረቀት አምጣ፤ ደብዳቤ ጻፍ።»

ጻፍሁ። «በተከሰተ የቴክኒክ ችግር ምክንያት የአንዲት ተማሪ ስም ሳይካተት በመቅረቱ...» እያለ ይሄዳል። አነበበውና መለሰልኝ።

«ይኸ ቴክኒክ የሚባለው የማን ልጅ ነው?»

«እንዴት?»

«አላውቀውም። እዚህ ቢሮ ሠርቶ ያውቃል? ኮምፒውተሩ የጠየቅኸውን ነው የመለሰልህ። እንደገና ጻፍ።»

ሦስት ጊዜ ጻፍሁ። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ እኔ ሙሉቀን የተባልሁት የሬኮርድ ሠራተኛ፣ ሦስተኛ የወጣችው ተማሪ የዘርፌ ጎሹ ስም ሊወጣበት የሚገባውን መስመር ሳላጣራ ሰርዣለሁ። መምህር አስናቀ ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይኸ እኮ ማስጠንቀቂያ ያስጽፍብሃል፣ ልጄ» አሉኝ። ወንድሜ «ይጻፍበታ፤ ቀጥሎ በእኔም ይጻፍ፤ ልምዱን አስተምሬ ልቡን ያላስተማርሁት እኔ ነኝ» አለ። ፈረሙ። ደብዳቤው በማግስቱ በሚኒባስ ሄደ።

ያን ከሰዓት ወንድሜ ያስተካከለውን ቀመር ካየሁ በኋላ ሥራዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁት፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ እንደሚፈራው ዓይነት ፍርሃት ነው። ከስሞቹ ጎን አንድ ዓምድ ከፈተ።

«ደረጃ የሚያወጣው ትእዛዝ የሚጠይቀው ከአንተ በላይ ስንት ሰው አለ ብሎ ነው። መልሱ ላይ አንድ ይጨምራል። ሀብታሙን ሲጠይቅ ሁለት አሉ፤ ሦስተኛ። ዘርፌንም ሲጠይቅ ሁለት አሉ፤ ሦስተኛ። ልክ ነው። ደረጃቸው አንድ ነው። ግን ለመታየት ተራ ያስፈልጋቸዋል፤ በአንድ በር ሁለት ሰው እኩል አይወጣም። ስለዚህ ሌላ እንጠይቃለን። ከላይ ጀምሮ እስከ አንተ ድረስ፣ አንተን ጨምሮ፣ የአንተን ውጤት ያመጣ ስንት አለ?»

«ይህ የዶላር ምልክት ምንድን ነው?»

«ችካል ነው። የገመዱ አንዱ ጫፍ ላይኛው መስመር ላይ ተቸክሏል፣ አይነቃነቅም። ሌላው ጫፍ ጥጃው ነው፤ እየጋጠ ይወርዳል፣ ገመዱ ይረዝማል። ሀብታሙ ጋ ሲደርስ አንድ ይቆጥራል። ዘርፌ ጋ ሲደርስ ሁለት ይቆጥራል። ያንን ደረጃው ላይ ደምረህ አንድ ትቀንሳለህ።»

ሀብታሙ ተራው ሦስት ሆነ። ዘርፌ አራት ሆነች። በሁለቱም ፊት ለፊት ግን «ሦስተኛ» የሚል ተጻፈ። ወንድሜ የዝርዝሩን ቦታ አራት መስመር አደረገና ተጫነው። የልጅቱ ስም ከመቶዎቹ መካከል ተነሥቶ በቦታው ቆመ። ምንም ነገር ከመቃብር ሲነሣ አላየሁም፤ ያን ግን አየሁ።

በማግስቱ ወደ ልጅቱ ቤት ወረድን። ባጃጅ የማይደርስበት ቆላ ነው፣ መንገዱም በሐምሌ ጭቃ ነው። «አንተ ቅር፤ እኔ ልሂድ» አልሁት። «ይቅርታ በመልእክተኛ አይጠየቅም» አለኝ፤ በየመቶ እርምጃው እያረፈ ሦስት ሰዓት ሙሉ ወረደ።

አባቷ አያ ጎሹ ከደጃፍ ሆነው አዩን። «የተማረ ሰው እንዲህ በዝናብ የሚወርድ መርዶ ሲይዝ ነው። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም አያ ጎሹ። ጥፋት ይዘን ነው የመጣን።»

አስገቡን። ዘርፌ ከአረም ተጠርታ እጇ ጭቃ እንደሆነ መጣች። ሁሉንም ነገርኋቸው። ስጨርስ አያ ጎሹ እሳቱን ቆሰቆሱ።

«እንግዲህ ልጄ ሰነፍ ሆና አይደለም የቀረች» አሉ።

«አይደለም።»

«እኔም ሰነፍሽ ብያታለሁ።» ወደ እሷ ሳይዞሩ ነበር የተናገሩ። «አዳሪው አሁን ይቀበላታል?»

«ደብዳቤ ልከናል። ላይቀበላትም ይችላል፤ አልዋሽዎትም» አለ ወንድሜ።

ዘርፌ ግን ሌላ ነገር ነበር የምትፈልገው። «እንዴት ነው የጠፋሁ?» አለች። «እስቲ ያሳዩኝ፣ መምህር።»

ወንድሜ ሰፌድ ጠየቀ፣ ሽምብራም ጠየቀ። ሰፌዱ ላይ ሽምብራውን በረድፍ ደረደረ፤ ፈላጊው እንዴት ወርዶ ሀብታሙ ላይ እንደቆመ አሳያት፤ ከዚያ የገመዱን ነገር፣ የተራውን ነገር አስረዳት። ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። ዓይኗን ከሽምብራው ላይ አላነሣችም።

«መጨረሻ ላይ አራት ቦታ አደረጉ» አለች።

«አዎ።»

«ለምን አራት?»

«አንችን ለማስገባት ነዋ።»

«እኔ እንዳለሁ ካወቁ በኋላ ነው አራት ያደረጉት። ባያውቁስ? አምስት ብንሆንስ? ያ ነገር መቼ እንደሚያቆም በምን ያውቃል?»

ወንድሜ አንድ ሽምብራ አነሣና መልሶ ሰፌዱ ላይ አኖረው።

«አንች፣ ሰውየውን አታስጨንቂው፣ ታሟል እኮ» አሉ አያ ጎሹ።

«ተዉአት አያ ጎሹ» አለ ወንድሜ። ድምፁ ተለውጧል። «ተዉአት። እውነቷን ነው። አላውቅም።»

ወንድሜ ስለ ቀመር አላውቅም ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አያ ጎሹ ልጃቸውን ዞረው አዩአት። እንግዳ ሰው እንደሚያዩ ነበር ያዩአት።

ስንመለስ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ወንድሜ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። የደከመው መስሎኝ ደንግጬ ሮጥሁ። እሱ ግን ይስቃል።

«ሙሌ፣ እስክርቢቶ! ቶሎ!»

ወረቀታችን ርሷል። በግራ መዳፉ ላይ ጻፈ።

«ሦስተኛው ውጤት ስንት ነው ብለህ ጠይቅ። ከዚያ ከዚህ ውጤት ያላነሰ ስንት ሰው አለ ብለህ ቁጠር። ዝርዝሩ እስከዚያ ይሂድና ይቁም። ሦስት ከሆኑ ሦስት፣ ሰባት ከሆኑ ሰባት። ስንት እንደሆኑ እኛ አንወስንም፤ እነሱ ይነግሩናል።»

«ኮምፒውተር እንኳ ነክታ የማታውቅ ልጅ!» አልሁ።

«ለዚያ ነዋ» አለኝ። «እኛ ማሽኑን ስናይ እሷ የወደቀውን ሰው አየች።» መዳፉን ከዝናቡ ለመከለል ጨብጦ፣ በደረቱ አስጠግቶ እስከ ወገዳ ወጣ።

ያን ቀመር ወገዳም ንፋስ መውጫም ተጠቀምሁበት። ከሦስት ርዕሳነ መምህራን ጋር ሠራሁ፤ አንዱ ብቻ «ሦስት ሲባል ስድስት ስም የምታመጣ» ብለው ተቆጡኝ፤ ካርዶቹን ደርድሬ አሳየኋቸውና ፈረሙ። ከዚያ ሰኔ ወዲህ በእጄ ያለፈ አንድም እኩል የወጣ ልጅ አልወደቀም። ስለ ሥራዬ በሙሉ አፍ የምናገረው ይህን ብቻ ነው።

ከአዳሪው መልስ የመጣው ነሐሴ መጨረሻ ነው። አልጋው ሞልቷል፣ ምዝገባው ተዘግቷል ይላል። ስሕተቴን አምኜ መፈረሜ ምንም አልለወጠም። ለወንድሜ ያነበብሁለት ደብረ ታቦር ለሁለተኛ ጊዜ ሊሄድ ሲል ሚኒባሱ በር ላይ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው። እስኪመለስ ቆይቼ ብነግረው ይሻል ነበር። አልተመለሰም።

መስከረም ውስጥ፣ የእኛው ትምህርት ቤት ምዝገባ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከመስኮቴ ፊት አህያ ቆመ። ዱቄት ተጭኗል። ከአህያው ጎን አያ ጎሹ፣ ከኋላቸው ዘርፌ።

«ያ ሰውዬ የለም?» አሉኝ።

«ሕክምና ላይ ነው።»

«እግዚአብሔር ይማረው። ንገርልኝ።» የአህያውን ጭነት ገመድ ጠበቅ አደረጉ። «የሱን ያህል የተማረ ሰው ልጄ ፊት አላውቅም ሲል እዚያው ተቀምጬ ነበር። እኔ እሷን አረም ነበር የማስነቅላት። ቤት ተከራይተንላታል፤ ስንቁን እኔው አመላልሳለሁ። ጻፋት።»

መዝገቡን ከፈትሁ። ዘርፌ ፊደሉን አንድ በአንድ ስጽፍ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ ተከታተለችኝ። ስጨርስ «አሁን አለሁ?» አለችኝ። «አለሽ» አልኋት።

ወዲያው ደወልሁለት። ስልኩን ያነሣው ራሱ ነው። ከስምንት ቀን በኋላ ነው ያረፈው፤ ያኔ ግን አላወቅሁም፣ ደክሞት ብቻ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ዘርፌ አሥራ አንደኛ ክፍል ተመዘገበች።»



«ድገመው» አለኝ።

ደገምሁለት።

«አንድ ጊዜ ደግሞ» አለኝ። ደገምሁለት።